የባቡር ጥገናው ቶርኖ ሠራተኛ አባቴ አረፈ፤ የምታውቁት ጻፉልኝ

የከዚራዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁሌ አንብቤ የምወጣ ነኝ፤ ዛሬ ግን የራሴን የውይይት ክር ከፈትኩ።

አባቴ ድሬዳዋ አረፈ። ሰማንያን ተሻግሯል፣ ሕመሙም አልረዘመም። እናቴ አጠገቡ ነበረች። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ ወረቀቴ ስላላለቀ መሄድ አልቻልኩም። እዚሁ አፓርታማዬ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥኩ። የማላውቃቸው የአገር ልጆች ሳይቀሩ ዳቦና ንፍሮ ይዘው መጡ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

የመጣሁት ለእርዳታ ነው። ለአርባው የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ቤተሰቡ ለኔ ሰጠኝ። ጻፍኩት፤ ግማሽ ገጽ ሆነ። ተወለደ፣ ተቀጠረ፣ አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ጡረታ ወጣ። ስሙን ብትቀይሩት የጎረቤታችንም ይሆናል። ለእህቴ በስልክ ሳነብላት "ይሄ እኮ የቀበሌ ፎርም ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሥራው ይህ ነበር፦ ምድር ባቡር፣ ድሬዳዋ ጥገና ክፍል፣ ቶርኖ (ብረት መላጫ ማሽን) ሠራተኛ። ገና ጢም ሳያበቅል በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ገባ፤ በ55 ዓመቱ ጡረታ እስኪወጣ ሌላ መሥሪያ ቤት አያውቅም። አባቱም ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ቤታችን ከዚራ ነው፣ ዛፎቹ ሥር።

እኔ የማውቀው ከጥገናው በር ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ቀትር ላይ ሲመጣ መጀመሪያ በነጭ ጋዝ፣ ከዚያ በኦሞ እጁን ሳይታጠብ ልጅ አይነካም። ጥፍሩ ሥር የገባው ጥቁር ግን ጡረታ ከወጣም በኋላ አልለቀቀም። ሽርጡን ያገለድማል፣ ምሳውን ይበላል፣ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥቶ ጋደም ይላል። በዚያ ሙቀት ድሬ ውስጥ ማን ይነቃል? ጥላው ሲረዝም ይመለሳል።

ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ቀፊራ ገበያ ይወርዳል። ዘንቢሉን የሚይዘው እሱ ነው። ያኔ ዘንቢል የያዘ ባል ይሳቅበት ነበር፤ እሱ ጉዳዩም አልነበረ። ሽንኩርት ሲመርጥ እያንዳንዷን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያገላብጣል። ሻጮቹ "ሙሴ፣ ቡሎን አይደለም እኮ!" ይሉታል (ሙሴ ስሙ አይደለም፤ የፈረንሳይኛው "አቶ" ነው)።

ልጆቹ አምስት ነን፣ ሦስታችን ሴቶች። ሞረድ አያያዝ ለሁላችንም አስተምሯል። "ካቻቢቴ የምታውቅ ሴት ሶኬት ለማስጠገን ሰው አትለማመጥም" ይል ነበር። እናቴ ደግሞ "መጀመሪያ ወጥ ይወቁ" ትለዋለች። ሁለቱንም ለመድን። የኔ ወጥ ግን እስከ ዛሬ አጠያያቂ ነው።

የሰፈራችን ሰው የሚያስታውሰው ዘነዘናውን ይመስለኛል። በሰፈሩ ያገባች ሁሉ ከሱ አንድ የብረት ዘነዘና ይደርሳታል። አለቆቹን አስፈቅዶ፣ ከሚጣል ብረት ቶርኖ ላይ የሚያወጣው ነው። አናቱ ላይ ሦስት ቀለበት አለው። እኔም ጋ አለ። ኤርፖርት ላይ ሻንጣዬን አስፈትቶ አስቁሞኛል፤ እዚህም ቡና ስወቅጥበት የታችኛው ፎቅ ሰውዬ አቤቱታ አስገብቶብኛል።

ስለ ሥራው ግን ዝም ነው። ስንጠይቀው "ብረት እንላጫለን" ብቻ። አለቀ።

እናቴ ስሙን ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጪ ብላኛለች፤ አልጽፍም። የሚያውቀው ሰው በዚህ ይለየዋል፦ የግራ አውራ ጣቱ ጫፍ የለችም፣ ሲቆጥር በፈረንሳይኛ ነው፣ የሚቸኩል ሰው ካየ "ዱስማ፣ ዱስማ" ይላል፣ በፈረንሳይኛ "ቀስ" ማለቱ ነው። ካወቃችሁት ምንም ትንሽ ቢሆን ጻፉልኝ።

ድሬ አቦ፦

አቦ! የዘነዘናው ሰውዬ ነው እንዴ? ነፍሱን ይማረው። እኛ ቤትም አለ፣ እናታችን ስታርፍ ሁለት እህቶቼ ተጣልተውበታል።

እኔ ለገሃሬ ነው ያደግኩት። ልጅ ሆኜ የብስክሌቴ የፔዳል ዘንግ ተሰበረ። "ከዚራ ሂድ፣ ሙሴ ጋ" አሉኝ። ቀትር ነበር፣ ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። ሌላ ሰው ቢሆን በጥፊ ነበር። "ማታ ና" አለኝ። ማታ ስሄድ ዘንጉን ሠርቶ ጨርሷል፣ ግን አይሰጠኝም። አስቀምጦ የድሮውን ስባሪ እያሳየ ለምን እንደተሰበረ ማስረዳት ጀመረ። "ሦስት ሆናችሁ ነው የምትጋልቡት፣ ዳግመኛ ከሰበርከው አልሠራልህም" አለ። እውነትም ሦስት ነበርን። በምን አወቀ? ስባሪውን አይቶ እኮ ነው!

ገንዘብ እምቢ አለ። "ሙሸበክ ግዛልኝ" አለኝ፣ ጣፋጩን። ገዝቼ መጣሁ፣ እዚያው ለልጆቹ አከፋፈለው። አንቺም ሳትበዪው አትቀሪም።

ታሪክ ወዳድ፦

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። አንድ ሐሳብ ላዋጣ። ታሪኩን ከከተማው ብትጀምሪውስ? ባቡሩ ከጂቡቲ ተነሥቶ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ስላስቸገረ መስመሩ በቆላው አለፈና ሜዳው ላይ ከተማ ተቆረቆረ። ስሙንም "አዲስ ሐረር" ብለውት ነበር። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ዋናው ጥገናም ድሬ የተተከለው፣ ከዚራም የተሠራው በባቡሩ ምክንያት ነው። አባትሽን ከዚህ ውስጥ ብታስገቢያቸው ጽሑፉ ክብደት ያገኛል።

የከዚራዋ፦

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን አርባው ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ድሬ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ስለ 1895 እኔን ያስተምረኛል። ለቀስተኛ ፊት ስለ ኩባንያ ኪሳራ ካስነበብኩ ደግሞ እናቴ አንባቢውን ከድንኳን ታስወጣዋለች። የምፈልገው ስለ ሰውየው ነው።

@ድሬ አቦ ሙሸበኩን በልቻለሁ መሰለኝ። ምሽት ላይ እያለከለከ የመጣ ልጅ ትዝ ይለኛል።

የድሮ ተለማማጅ፦

እኔ እሳቸው ሥር ነው ቶርኖ የተማርኩት፣ በስልሳዎቹ መጨረሻ። ዛሬ አዳማ የራሴ ትንሽ ወርክሾፕ አለችኝ። በእሳቸው እጅ ነው የምበላው ማለት ነው።

ስለ ሥራቸው ዝም ይሉ ነበር ስትይ ሳቄ መጣ። ጥገና ውስጥ አፋቸው አይዘጋም ነበር እኮ! ቀልዱን በአማርኛ ጀምረው፣ በኦሮምኛ አሳልፈው፣ በሶማልኛ ነው የሚጨርሱት። ሦስቱንም የማያውቅ አዲስ ሠራተኛ መቼ እንደሚስቅ ግራ ይገባዋል። አለቃ ብቅ ካለ የሚለኩ መስለው በፈረንሳይኛ መቁጠር ይጀምራሉ። እኛ ሳቃችንን ውጠን እንሞታለን።

አውራ ጣታቸውን ያነሣሽው ጥሩ ነው። አዲስ ተለማማጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት መለኪያውን ካሊፐር ሳይሆን እሷን ነው። "እጅጌህን ሰብስብ። ይሄ ማሽን የሚያውቀው መጎተት ብቻ ነው" ይላሉ። ሰዓት ማሰር የለም፣ ቀለበት የለም። የራሳቸውን የጋብቻ ቀለበት ማሽን ሊያስነሡ ሲሉ በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ሲወጡ መልሰው ያጠልቁታል። ይህን እናትሽ ታውቅ እንደሆነ እንጃ።

ሥራውን ደግሞ ለማያውቅ ላስረዳ። ያ መስመር ጠባብ ነበር፤ በሁለቱ ሐዲድ መካከል 1 ሜትር። እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ኩርባው አያልቅም። ኩርባ ላይ የጎማው ከንፈር፣ ማለት ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጠርዝ፣ ሐዲዱን ሲታከክ ይበላል። ከንፈሩ ከሳሳ ፉርጎው ከሐዲድ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ጎማ ከነዘንጉ ወጥቶ ትልቁ ቶርኖ ላይ ይታሰርና ቅርጹ እስኪመለስ ይፋቃል። ቁም ነገሩ ሁለቱን እኩል ማድረጉ ላይ ነው። አንዱ ካነሰ ዘንጉ ወደ አንድ ወገን እየተገፋ ይሄዳል፣ የዚያ ወገን ከንፈር ደግሞ ቶሎ ያልቃል። እሳቸው የሚሊሜትር ሽራፊ አይምሩም። ጨርሻለሁ ብዬ መፍቻዬን ሳስቀምጥ ይመጡና ይለካሉ፣ ምንም ሳይናገሩ ማሽኑን መልሰው ያስነሡታል። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሌላው መለዋወጫ ነው። ሎኮሞቲቮቹ አብዛኞቹ የፈረንሳይ ነበሩ። ዕቃ ታዝዞ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ እያደር ደግሞ አገሩም ላይ መሠራቱን ያቆመ ዕቃ በዛ። ያኔ የተሰበረውን ያመጡልናል፣ እሱን አይተን አዲስ እናወጣለን። ሥዕል የለም። የተበላ ብረት ደግሞ ልኩን አይናገርም፤ አዲስ ሳለ ስንት እንደነበር መገመት አለብህ። እሳቸው ያን ዕቃ ብቻ አያዩም። አብሮት የሚገጥመውን ያስመጣሉ፣ የታከከበትን ወገን በጣታቸው ይዳብሳሉ፣ ከዚያ ቁጥር ይጠራሉ። ሠርተን ስናስገባው ይገጥማል። ሁሌ ማለቴ አይደለም። ግን ካልገጠመ ምሳ አይበሉም።

በጥር 1977 አዋሽ ላይ የደረሰውን አደጋ ታስታውሱታላችሁ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ባቡሩ ኩርባው ላይ በፍጥነት ስለገባ ነው፤ የጎማ ነገር አልነበረም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ የራሳቸውን ደብተር ያዙ። በእጃቸው ያለፈውን እያንዳንዱን ጎማ ቁጥሩንና ልኩን ይጽፋሉ። ያዘዛቸው የለም። "ማን ይጠይቆታል?" ስላቸው "እኔ እጠይቃለሁ" አሉኝ። ደብተሩ ቤት ካለ ፈልጉት።

ደቻቱ ማዶ፦

ይህን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት፣ እኔ እየነገርኳት ነው። አላህ ሰብር ይስጣችሁ ልጄ። እናትሽን ሰላም በይልኝ፤ ታውቀኛለች።

እኔ በባቡሩ ጂቡቲ እየተመላለስኩ እነግድ ነበር። ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ጫማ። ኮንትሮባንድ በሉት፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው። አንድ ጊዜ ፊናንስ፣ የጉምሩክ ፖሊሱ፣ በርትቶብን መላ ጠፋ። አባትሽ ጥገና ነው፣ የፉርጎውን ሆድ ዕቃ ያውቃል። አንዲት ቀዳዳ አሳየኝ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ። "የፉርጎ ሆድ ለፍሬን ነው፣ ለሽቶ አይደለም" አለኝ። ተቀየምኩት። በመንገድ ሳየው ዞሬ እሄድ ነበር። እሱ ሰላምታውን አላቋረጠም፤ እኔ ነኝ የማልመልሰው።

ከዚያ በሐምሌ 1998 መጨረሻ ያ ጎርፍ መጣ። ሌሊት ነው፣ ሰው ተኝቷል። የደቻቱ ወንዝ ከ250 በላይ ሰው በላ። እኛ በአላህ ፈቃድ ተረፍን፣ ቤቴ ግን ጭቃ ሞላው። ያኔ ንግዱን ትቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ሲንጀሬ ከጭቃ ውስጥ ስትወጣ ብረት መሆኗም አይታወቅም።

አባትሽ ጡረታ ወጥቷል። ነጭ ጋዝና ብሩሽ ይዞ መጣ። ግቢ ውስጥ ጆንያ አነጠፈና ፈታታት። እሷን ሲጨርስ የጎረቤቴን አመጡለት። ከዚያ የሌላዋን። ስንት እንደሠራ አላውቅም፣ ሰው ተሰልፎ ነበር። ስፌት ማሽን፣ የጋዝ ምድጃ፣ የበር ቁልፍ። የተሰበረባትን ትንሽ ብረት እቤቱ ወስዶ በሞረድ ሠርቶ ይመጣል። ረመዳን ሲገባ አላበቃም ነበር። እኛ ስንጾም ፊታችን ውኃ አይጠጣም፤ ከአጥሩ ውጭ ወጥቶ ነው የሚጠጣው። ማታ አፍጥር ላይ ሳምቡሳ አብሮን ይበላል። ስለ ሽቶው እሱም አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። ማሽኗ አሁንም ትሰፋለች፤ ይህቺ የምትጽፈው ልጅ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ በእሷ ነው የተሰፋው።

አዲሱ ሐዲድ፦

ነፍስ ይማር። እኔ አዲሱ መስመር ላይ የምሠራ ነኝ። እንዳትቀየሙኝ እንጂ አንድ ነገር ልበል። አሮጌው ባቡር ሲነሣ ሰው ሁሉ ሆድ ይብሰዋል። ሥዕል የሌለው ዕቃ በግምት እየሠሩ መሄድ ጀግንነት ሳይሆን ችግር ነው። ያ መስመር በመጨረሻ የቆመውም በዚህ ዓይነት እርጅና ነው። የኛ ስፋቱ 1435 ሚሊሜትር ነው፣ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ከታኅሣሥ 2010 ጀምሮ ሰውም ዕቃም ያመላልሳል። እሳቸውን ማክበር ሌላ፣ ያን ዘመን መናፈቅ ሌላ።

የድሮ ተለማማጅ፦

ልክ ነህ ልጄ፣ ማንም አይቀየምህም። እሳቸውም አልናፈቁትም። አዲሱ መስመር በ2009 ሲመረቅ በቴሌቪዥን አይተው ደወሉልኝ። "ጎማውን አየኸው? እንዴት ያምራል!" አሉ። እኔ ስለ ፍጥነቱ ሳወራ እሳቸው "ከንፈሩ ሲያልቅ ማን ነው የሚያስተካክለው? ልጆች ሰልጥነዋል ወይ?" ይላሉ። ቅናት አልነበረም፣ የእውነት ማወቅ ፈልገው ነው። አንድ ነገር ብቻ አናደዳቸው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ መሠራቱ። "እንግዳ ሊቀበል ሰው ባጃጅ ይኮናተራል? ጉድ እኮ ነው!" አሉ።

በግምት ስላልከው ግን፣ ግምቱ ከብዙ ልኬት በኋላ የሚመጣ ነው። እንደ ሎተሪ አታድርገው።

ጅዳ ያለው ልጅ፦

እህቴ ሊንኩን ላከችልኝ። ሁለተኛው ልጅ ነኝ።

ሁሉም ጥሩ ጥሩውን ጻፈ፣ እኔ ደረቅነቱን ልጻፍ። አባቴ ደረቅ ነበር። ቶርኖ እንድማር ፈለገ፣ እኔ መኪና መንዳት ፈለግኩ። "ሹፌር የሰው ብረት ይጨርሳል፣ ብረት አይሠራም" አለኝ። ቤት ውስጥ ኩርፊያ ነገሠ። ወጥቼ ጂቡቲ ገባሁ፣ ከዚያ ባሕሩን ተሻገርኩ። ቤት ስደውል ስልኩን ለእናቴ ያቀብላታል። ድምፁን እሰማለሁ፣ "ማን ነው? እሱ ነው? እንኪ" ሲል። ይህ ለረጅም ጊዜ ነበር፣ ቀላል አልነበረም።

አንድ ቀን የምነዳው የጭነት መኪና እንግዳ ድምፅ አመጣ። ጋራዥ ወስጄው ምንም የለውም አሉኝ። ለእናቴ ሳወራላት ከኋላ ሆኖ ሰምቷል። ስልኩን ነጥቆ "ሞተሩ አጠገብ አድርገው" አለኝ። አደረግኩት። "ጋዝ ስጠው። ተወው። እንደገና ስጠው።" ከዚያ "የዲናሞው ኩሺኔታ ነው፣ ሳይነክስ ቀይረው" አለ። እውነትም እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እየደወለ የሚጠይቀኝ ስለ መኪናው ነው። ስለኔ አይጠይቅም። ዘይት ቀየርክ? ፍሬኑ እንዴት ነው? እኔም ስለ መኪናው እያወራሁ ስለራሴ እነግረው ነበር፤ የሚገባው ይመስለኛል።

ይህንን አስገቢው። ኩርፊያውንም ጨምረሽ። እዚያ የሚቀመጡት ሁሉ ያውቁታል፣ መልአክ አድርገሽ ብትጽፊው "ስለ ማን ነው የሚነበበው?" ይላሉ።

የከዚራዋ፦

ወንድሜ፣ ስለ ዲናሞው ለኔ ነግረኸኝ አታውቅም። እሺ፣ አስገባዋለሁ።

ደብተሩ ተገኝቷል። እናቴ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ የእድር ደረሰኞች ሥር አገኘችው። እህቴ ገጾቹን በቴሌግራም ላከችልኝ። የጎማ ቁጥር፣ ቀን፣ ልክ፣ ከንፈር። መጨረሻው ላይ ደግሞ የአምስታችንም ስም አለ፣ ከጎኑ ቁጥር። 182፣ 195፣ 210። ምን እንደሆነ ግራ ገባን። እናቴ ናት የፈታችው፤ የጫማ ልክ ነው። ከጂቡቲ ለሚመላለሱት ሴቶች ጫማ ሲያዝ የእግራችንን ርዝመት በሚሊሜትር ነበር የሚሰጣቸው። እርስዎ ደቻቱ ማዶ ያሉት እናቴ፣ ያንን ጫማ ያመጡልን እርስዎ ይሆኑ?

ስለ ቀለበቱም ጠየቅኳት። "ክሩን የማጠልቅለት ማን መስሎሻል?" አለችኝ። ስለዚህ ታውቃለች።

ጽሑፉ አሁን አራት ገጽ ሆኗል፤ እህቴ ደግሞ በዛ፣ ሰው ምሳ ይጠብቃል ትላለች። የጎማውን ነገር ላሳጥረው ነው። ኩርፊያው፣ ሲንጀሩ፣ ብስክሌቱ ግን እንዳሉ ይቆያሉ።

ደቻቱ ማዶ፦

አያቴ እንዲህ አለች፦ "አዎ እኔ ነኝ። የትንሿ ልጅ ጫማ ግን ጠቧታል፤ እግሯ ቶሎ አደገ እንጂ ልኩ ትክክል ነበር።"

ድሬ አቦ፦

አርባው ላይ እኔ አለሁ። ድንኳኑን የሰፈሩ እድር ይተክላል፣ ወንበር ካነሰ ከለገሃሬ ልጆች ጋር እናመጣለን። የድሮ ተለማማጅ፣ ከአዳማ በባቡር ከመጣህ ሰዓቱን ጻፍልኝ፣ ጣቢያ ድረስ መጥቼ እወስድሃለሁ። ባጃጅ አትኮናተር፤ ፊትህን አይተው እጥፍ ነው የሚጠሩብህ።